እንጉዳይ ያስመረመረቻቸው ሴቶች

እንጉዳይ የትም ቦታ ስትሠራ አለቆቿ ቶሎ የሚያውቁባት አንድ ጠባይ ነበራት፤ ያልገባትን ነገር አልፋ አትሄድም። ትጠይቃለች። መልሱ ካልጣማት ደግማ ትጠይቃለች። ወገራ ሳለች አባቷ «ይቺን ልጅ ዳኛ ፊት አታቁሟት፣ ዳኛውን ትመረምረዋለች» ይሉ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሲሆናት የሁለት ዓመት ልጇን ቃልኪዳንን አዝላ በሱዳን በረሃ አለፈች። የመጀመሪያ ባሏን አለኸኝን እዚያው መጠለያ ሰፈር ቀብራ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 መጨረሻ እስራኤል ገባች። ከሦስት ዓመት በኋላ ዋኘውን አገባች፤ እሱም እንደሷ የትዳር ጓደኛው የሞተችበት ሰው ነበር። ኢታማር የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱና ፔታ ቲክቫ፣ ሃዳር ጋኒም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኑሮ ጀመሩ። ዋኘው ቂርያት አርዬ ካለው የፕላስቲክ ፋብሪካ ገባ። እሷ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ በጽዳት ተቀጠረች።

ላቦራቶሪው ትንሽ ነው። አራት ሴቶች ከጠዋት ጀምረው ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ጣት የሚያህሉ ስስ መስታወቶች በየሣጥኑ ተደርድረዋል፤ መስታወቶቹ ላይ ሰማያዊና ሮዝ የሆነ፣ እድፍ የመሰለ ነገር አለ። እንጉዳይ ወለሉን እየወለወለች ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብላ አየች። በሦስተኛው ወር አላስቻላትም፤ የክፍሉን ኃላፊ ሚሪን ጠየቀቻት።

«ይኼ ቀን ሙሉ የምታዩት ምንድን ነው?»

ሚሪ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቁጥብ ሴትዮ ናት። ከመመለስ ይልቅ ከወንበሯ ተነሣችና «ተቀመጪ» አለቻት።

እንጉዳይ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ዓይኗን አስጠጋች። መጀመሪያ ከራሷ ሽፋሽፍት በቀር ምንም አላየችም። ቀስ እያለ ጠራላት። ሰፋፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠርዛቸው እንደ ጨርቅ የታጠፈ ነገሮች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው መሀል አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች።

«ሕዋስ ነው፤ ከሴት ማህፀን በር የተወሰደ» አለች ሚሪ። «እንቁላል አስቢ። ነጩ ብዙ ነው፣ አስኳሉ ትንሽ ነው። ይኼ ጤነኛ ነው።» መስታወቱን ለወጠች። «አሁንስ?»

እንጉዳይ ብዙም አላሰበችም። «የዚህ አስኳሉ አብጧል። ነጩን በልቶታል። ጠቁሯል፤ ዳሩም ተጨራምቷል።»

ሚሪ ቀና ብላ አየቻት። «ይህን ለመለየት ተማሪዎቼ ሳምንት ይፈጅባቸዋል።»

«እኔ እህል ስለቅም ነው ያደግሁት። እንክርዳድ ከስንዴ ጋር አንድ ይመስላል፤ ያልለመደ ዓይን አይለየውም። ሴትዮዋ ታማለች ማለት ነው?»

«አልታመመችም። ይኼ ካንሰር አይደለም። ዝም ካሉት ግን ከአምስትም ከአሥርም ዓመት በኋላ ካንሰር ሊሆን ይችላል። አሁን ምንም አያማትም፣ ምንም አይታወቃትም። እኛ ግን ቀድመን አየነው። ቦታውን ቆርጠን እናወጣላታለን፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።»

እንጉዳይ ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስትሄድ ነገሩን እያመላለሰች ነበር። እሷ ባደገችበት አገር በሽታ ማለት አልጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው። ሳያምም የሚታወቅ፣ ሳይመጣ የሚመለስ በሽታ ሰምታ አታውቅም።

በ1997 ከፋሲካ በኋላ ላቦራቶሪው አዲስ ጥናት ጀመረ። ከእያንዳንዷ ሴት ሁለት ናሙና ይወሰዳል፤ አንደኛው እንደ ቀድሞው መስታወት ላይ ተቀብቶ በዓይን ይታያል፣ ሁለተኛው ሕዋሱን የሚያበላሸውን ቫይረስ ለመፈለግ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። ከኢትዮጵያ ለመጡ ሴቶችም ደብዳቤ ተላከ። አንድ ጠዋት ሚሪ ደብዳቤውን ይዛ እንጉዳይ ወደቆመችበት መጣች።

«ስልሳ ደብዳቤ ልከን ሦስት ሴቶች መጡ። ለምንድን ነው?»

እንጉዳይ ምክንያቱን ታውቃለች። በ1996 መጀመሪያ ላይ፣ ወገኖቿ የለገሱት ደም ለማንም ሳይሰጥ ሲደፋ እንደኖረ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ጮኋል። ዋኘውም ሄዶ፣ በአስለቃሽ ጭስ ዓይኑ ቀልቶ ነው የተመለሰው።

«ደማችንን ደፍታችሁ፣ አሁን ደግሞ ከማህፀናችን ልትወስዱ ነው ይላሉ» አለቻት ሳትሸፍን። «ደብዳቤው ደግሞ በዕብራይስጥ ነው። ለእናቶች የሚያነብላቸው ልጅ ነው። ልጅ ለእናቱ ስለ ማህፀን ያነባል?»

ሚሪ ደብዳቤውን አገላብጣ አየችው። «አንቺ ብትነግሪያቸውስ?»

«ያልሄድኩበትን መንገድ ደህና ነው ብዬ ሰው አልልክም» አለች እንጉዳይ። «መጀመሪያ እኔን መርምሩኝ።»

በዚያው ሳምንት ተመረመረች። ሐኪሟ ሴት ነበረች። ትንሽ ብሩሽ፣ ጥቂት ቅዝቃዜ፣ ጥቂት መሸማቀቅ፣ አለቀ። «ይኸው ነው?» አለች እንጉዳይ። ይኸው ነበር። ልብሷን ለብሳ ወደ መወልወያዋ ተመለሰች፤ ለሰፈሯ ሴቶች የምትናገረውንም በልቧ ማዘጋጀት ጀመረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ከፖስታ ሣጥን ያወጣችው ቃልኪዳን ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ግማሹ ዕብራይስጥ ነው። ደረጃውን ስትወጣ አንብባ ጨርሳዋለች፤ በሩን ስትከፍት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ኢማ፣ የሕዋስ ለውጥ ተገኝቷል ይላል። ለተጨማሪ ምርመራ ቶር ያዢ፣ ቀጠሮ ያዢ ይላል። ኢማ... ሳርታን ነው?»

ሳርታን ካንሰር ነው። እንጉዳይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለካ በመስታወት ላይ የሰው ሲያዩትና የራስ ሲሆን አንድ አይደለም! አለኸኝን የቀበረችበት አሸዋ ዓይኗ ላይ መጣ። «ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?» አለች በሆዷ። ቃልኪዳን ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው። ከዚያ ሚሪ የነገረቻት ትዝ አላት።

«አይደለም» አለች። ድምጿ እንዳልተንቀጠቀጠ ራሷም ሰማች። «ካንሰር ከመሆኑ በፊት ነው ያዩት። ለአባትሽ ራሴ እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ሥራ እንደገባች ባልዲዋን አስቀምጣ ወደ ሚሪ ሄደች። «የእኔን አሳዪኝ።»

ሚሪ አመነታች። ከዚያ ሣጥኑን ፈልጋ መስታወቷን አወጣችላት። እንጉዳይ የራሷን ሕዋሶች አየቻቸው። አብዛኞቹ ሰፋፊና ደህና ናቸው። በአንድ ጥግ ግን ተጠጋግተው የቆሙ፣ አስኳላቸው ያበጠና የጠቆረ አሉ። ቆጠረቻቸው፤ አሥራ ሰባት ድረስ ቆጥራ ተወችው።

«ሁለተኛው ናሙናሽ ላይም ተገኝቷል» አለች ሚሪ። «ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙ ዓይነት አለው፤ አብዛኛው ይመጣል፣ ሰውነት ያባርረዋል፣ ይሄዳል። ቁጥር አሥራ ስድስት የሚባለው ግን አንዳንድ ሴት ላይ አልሄድም ብሎ ይቀመጣል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሕዋሱን የሚያጣምመው እሱ ነው። አንቺ ላይ የተገኘው እሱ ነው።»

«ከየት ያዘኝ?»

«ወንድና ሴት ሲተኙ ነው የሚተላለፈው።»

«መቼ?»

«አይታወቅም። የዛሬ ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ የዛሬ ሃያ ዓመትም።»

እንጉዳይ ስለ ሕክምናው አልፈራችም፤ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። የከበዳት ዋኘው ነው።

ዋኘው ከፋብሪካ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትበርድ ይመለሳል። ልጆቹ ውጭ ነበሩ። እግሩን ታጥቦ እስኪቀመጥ ጠበቀችውና ሁሉንም፣ ስለ ቫይረሱም ጭምር፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

ዋኘው ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሣ ጠየቃት። «ከማን ነው ያመጣሽው?»

«ወይ ከአንተ ወይ ከአለኸኝ። ሦስተኛ የለም።»

ተነሥቶ በረንዳ ላይ ቆመ። ዋኘው ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ግን የተወጋ ሰው ሆነ። ሦስት ቀን ከ«አቀብይኝ» እና ከ«በቃኝ» ሌላ ቃል አልወጣውም። በአራተኛው ቀን እንጉዳይ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እሑድ ቀጠሮ አለኝ፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ያስጨነቀህን ሐኪሟን ጠይቃት።»

«የኔ ዕብራይስጥ የፋብሪካ ነው። ማን ያስተረጉምልኛል? ልጅቱ?»

«ቃልኪዳን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አትገባም። እኔ አስተረጉማለሁ።»

«የራስሽን ነገር?»

«የራሴን ነገር።»

እሑድ ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ። ዋኘው በሰንበት ልብሱ ነው የመጣው። ጥያቄውን ወለሉን እያየ በአማርኛ ተናገረ፤ እንጉዳይም እንዳለ ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው፦ ሚስቴ ይህን ከየት አገኘች? ሐኪሟ መልሳ ጠየቀች።

«ከእኔ በፊት ሚስት ነበረችህ ወይ ትላለች» አለች እንጉዳይ።

«ታውቂ የለም እንዴ!»

«የጠየቀችህ እሷ ናት። ለሷ ንገራት።»

«ነበረች» አለ ዋኘው። «ጎንደር ሞታብኛለች።»

ሐኪሟ ወንበሯን ወደሱ አዞረች። «እንግዲህ አራት ሰዎች ናችሁ፣ ሁለቱ በሕይወት የሉም። ከማን ወደ ማን እንደሄደ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ በዓለም ላይ የሚነግራችሁ ሐኪምም የለም። ወንዱም ሳያውቀው ይይዘዋል፣ ሴቲቱም ሳታውቀው። ነውር አይደለም። ትዳር ያለው ሰው ሁሉ ሊያገኘው የሚችል ነገር ነው። እኔ የማውቀው የት እንደተቀመጠ ነው፤ እንዴት እንደሚወጣም አውቃለሁ።»

እንጉዳይ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አስተረጎመችለት። ዋኘው ሲሰማ ቆይቶ ወደሷ ዞረ። «ከራስሽ ጨምረሻል?»

«አልጨመርኩም። አልቀነስኩምም።»

ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ሚስቱን አልፎ፣ በዚያው በፋብሪካ ዕብራይስጡ ሐኪሟን በቀጥታ ጠየቃት፤ «ማታይ?» መቼ ነው የሚወጣው?

«ዛሬ ቦታውን አይቼ ቁራጭ እወስዳለሁ። ቁራጩ የጠረጠርነውን ካረጋገጠ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ።»

የዚያን ዕለት ሐኪሟ የእንጉዳይን የማህፀን በር ኮምጣጤ በነካ ጥጥ አበሰችውና በማጉያ መሣሪያ አየችው። የተለወጠው ቦታ ብቻውን ነጣ፤ የምስር ክክ አታክልም። ቁራጩም ሚሪ መስታወቱ ላይ ያየችውን መሰከረ። ሐሙስ ቦታውን አደንዝዘው በኤሌክትሪክ በሚግል ቀጭን ሽቦ ላጡት። የሚሸት ነገር ነበረው፣ ሕመም ግን አልነበረውም፤ ሩብ ሰዓትም አልፈጀ። ዋኘው ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቆ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ለአራት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ ስለተባለች ከሹክ ገበያ አትክልቱን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የሚወጣው እሱ ሆነ። ሐብሐቡን ሲያወጣ ደረጃው ላይ ያላየው ጎረቤት አልነበረም። ውጤቱ ሲመጣ የተቆረጠው ዳር ዳሩ ንጹሕ ነው፤ የቀረ ነገር የለም።

«አሁን እናገራለሁ» አለች እንጉዳይ።

በዚያው መከር፣ ከበዓላቱ በኋላ፣ በሰፈሩ መትናስ ማለትም የነዋሪዎች ማዕከል ውስጥ አንድ ክፍል ለመነችና ሴቶቹን በየቤታቸው እየዞረች ጠራች። ሃያ ያህል መጡ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ፈንታዬ ናቸው፤ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ የሳቸውን አፍ አይተው ነው የሚሄዱት ወይም የሚቀሩት።

እንጉዳይ ስለ ሳይንስ አልጀመረችም። «እኔ ላይ ተገኝቶ ነበር» ብላ ጀመረች። የእንቁላሉን አስኳል ነገረቻቸው፤ የቫይረሱን ነገር ነገረቻቸው። ዋኘው ሦስት ቀን እንዳኮረፋት ስትነግራቸው ግማሾቹ ሳቁ፤ የተቀሩት ቀሚሳቸውን ሲያስተካክሉ አየቻቸው። ስለ ደሙም ሳይጠይቋት በፊት ራሷ አነሣችው።

«ደማችንን ደፉት፣ እውነት ነው። እኔም ተቃጥያለሁ። ግን ይኼን እነሱ ለራሳቸው አይወስዱትም። የኔን መስታወት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተናደን ብንቀር የሚጎዳው ማነው? እነሱ ናቸው እኛ?»

እትዬ ፈንታዬ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ያ ብሩሽ ደም ያመጣል ወይ? ደም ያለባት ሴት እንደ ሕጋችን ገለል ማለት አለባት። እዚህ የመርገም ጎጆ የለን።»

«አንዲት ጠብታ ልታይ ትችላለች፣ እትዬ። በማግሥቱ የለም።»

ስብሰባው ሲበተን ሴትዮዋ ወደ ኋላ ቀሩና እንጉዳይን በክንዷ ያዟት።

«ከፋሲካ ጀምሮ ጸሎት ቤት አልገባሁም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሴት ነገር ከተወኝ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አሁን ተመልሶ ይታየኛል። ባሌም ሲቀርበኝ ይብሳል። ርኩስ ሆኜ እግዜርን አላስቀይምም ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ።»

ይኼ ከመስታወት ላይ ነጥብ ያለፈ ነገር መሆኑ ለእንጉዳይ ገባት። «እትዬ፣ ይኼ መርገም አይደለም፤ ሰውነትዎ እየጠራዎት ነው። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

«ነገ ሥራ ነኝ።»

«ፋብሪካው ይቆያል። እርስዎ ግን አይቆዩም።»

ፈንታዬ በዚህ አነጋገር ሊቆጡ ይገባ ነበር፤ ዕድሜያቸውም ክብራቸውም ይፈቅድላቸዋል። አልተቆጡም። በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። ከምርመራው ሲወጡ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «አልበሉኝም» አሉ። ይህንኑ ቃል ለሰፈር ሴቶች ሁሉ ስላወሩ በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አሥራ አንድ ሴቶች ተሰልፈው ቆሙ። ሾፌሩ «የማን ሠርግ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እንጉዳይ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አስገብታ፣ አስተርጉማ፣ አስወጣቻቸው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ንጹሕ ሆኑ። በሁለቱ ላይ ቀላል ለውጥ ታይቶ፣ ከመቁረጥ በፊት ከስድስት ወር በኋላ ይታይ ተባለ።

የፈንታዬ ግን ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ገና ከቦታው አልወጣም አሉ። ማህፀናቸውን ማውጣት ግድ ሆነ። እንጉዳይ ይህን ስታስተረጉምላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሁለቴ መጀመር ነበረባት። ፈንታዬ ራሳቸው አበረቷት።

«ተናገሪው እንጂ። ስድስት ልጅ አሳድጌበታለሁ፤ ሥራውን ጨርሷል።» ከዚያ ጠየቁ። «ሳይደማኝ ብመጣ ኖሮስ?»

«እንደ እኔ ሐሙስ ገብተው ሐሙስ ይወጡ ነበር።»

ፈንታዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። በሦስተኛው ወር ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ፤ ሰንበት ሲሆን ጸሎት ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችን ሴት «አንቺ ታይተሻል?» ሳይሉ አይነሡም። ያፈረች ካለች ደግሞ እጇን ይዘው ወደ እንጉዳይ ቤት ያመጧታል።

በ1998 ሆስፒታሉ እንጉዳይን በአስተርጓሚነት ሲቀጥራት አንድ ነገር ጠየቀች፤ የጥሪው ደብዳቤ ይቅር። ብዙዎቹ እናቶች አማርኛም አያነቡም፤ ቴፕ ግን በየቤቱ አለ። ስለዚህ በራሷ ድምፅ ካሴት ቀዳች፤ ነፃነት የምትባል የትግራይ ተወላጅ ጎረቤቷ ደግሞ በትግርኛ ቀዳችው። ሴቶቹ ልጅ ሳይሰማቸው ብቻቸውን አዳመጡት። እንጉዳይም በየስድስት ወሩ ትመረመር ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ቫይረሱም ጠፍቶ ተገኘ። ሚሪ አንድ ቀን፣ ይህን ቫይረስ የሚከላከል ክትባት ለመሥራት የሚደክሙ ሰዎች እንዳሉ ነገረቻት። «ለቃልኪዳን ይደርሳል?» አለች እንጉዳይ። ሚሪ አላወቀችም። ለቃልኪዳን ባይደርስ እንኳ እሷ ለምትወልዳቸው ይደርስ ይሆናል አለች።

በ1999 በጋ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከታች ፎቅ የሚኖረው ዳምጤ ደረጃው ላይ ዋኘውን አስቆመው። ደብዳቤ በእጁ ይዟል። ሚስቱ ላይ ያ ቫይረስ ተገኝቷል።

«ከየት አመጣችው?» አለ ዳምጤ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል።

ዋኘው ከሹክ የተሸከመውን ከረጢት አስቀመጠ። «እኔም ይህንኑ ጠይቄ ሦስት ቀን አባከንኩ» አለው። «ከአንተ ሊሆን ይችላል። ካንተ በፊት ከነበረም ሊሆን ይችላል። እሱን ተወውና ቀጠሮዋ መቼ ነው?»

ዳምጤ ደብዳቤውን አየ። «ሰኞ።»

«በሰደር፣ እሺ። ሰኞ አብረሃት ሂድ፤ ቀርተህ እንዳትልካት። አሁን ና ቤት እንግባ፣ እንጉዳይ ትንገርህ።»

ዳምጤ ትንሽ አቅማማ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከከረጢቱ አንዱን ጆሮ ያዘና ሁለቱ ሰዎች ደረጃውን አብረው ወጡ።